አፍንጫዋን የደፋች መኪና

ቤተሰቡ «ሰንበሌጥ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። ልጅ ሳለች ድንች ሳይበስል ታወጣለች፣ ሻይ ሳይፈላ ትቀዳለች፣ የጫማዋን ክር ሳታስር ትሮጣለች። አንድ ቀን በገዛ ክሯ ተጠልፋ ስትወድቅ አዩና «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» አሉ፤ ተረቱ እዚያው ላይዋ ላይ ቀረ። አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ቀያሽ ሆና ስትመረቅም አልለቀቃትም። ሳምንቱን ሙሉ ባለሦስት እግር መሣሪያዋን ተሸክማ የሰው መሬት ዳገትና ቁልቁለት ትለካለች፤ ቅዳሜ ቤት ስትገባ ሰንበሌጥ ናት።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሰንበሌጥ ከእናቷ መኪና አፍንጫ ሥር፣ ካርቶን ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ከፊት ፓራውልቱ ቡሎን ጋር ትታገል ነበር። ቡሎኑ ዝጓል። ዝገቱ እየተፈረፈረ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። እሷ ግን የምትነሳ አልነበረችም። ይህች መኪና እስከ ሰኞ ጠዋት በጉም ውስጥ መንገድ ማየት ካልቻለች እናቷ የምትወደውን ሥራ ትታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

እናትየዋ አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያው ከተራራው ማዶ ነው። ተረኛ የሚቀየረው በማለዳ ስለሆነ ከቤት የምትወጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተራራው አናት ላይ ጉም ይተኛል። ያንን መንገድ ዓመታት ነድታዋለች። ባለፈው ወር ግን አንድ ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ የብስክሌት የኋላ ጎማ ድንገት ወጣባት። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ስትቆም በጎማውና በፓራውልቱ መካከል የቀረው ስንዝር ነበር። ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን ይወጣ የነበረው ሰውዬ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ከምን እንደዳነ ሳያውቅ ጉሙ ውስጥ ተመልሶ ገባ። እናትየዋ ጤና ጣቢያ ደረሰች፣ እንደወትሮዋ ስታዋልድ ዋለች፣ ማታ መኪናዋን ግቢ አስገብታ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ጉሙ ካልተነሳ አይነሳም። ያደረችው አዋላጅ ዓይኗ ቀልቶ፣ እግሯ አብጦ ትጠብቃታለች። አለቃቸው ታገሰ ታገሰና በመጨረሻ «ወይ በሰዓትሽ ተገኚ፣ ወይ መዝገብ ቤት ያለውን ወንበር ያዢ፤ ሰኞ ጠዋት መልስሽን እፈልጋለሁ» አላት። ወንበሩን አፈላልገው ያገኙት ደግሞ አጎትየው ነበሩ።

አጎትየው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ፍሬቻ» ይላቸዋል፤ ወደ ቀኝ እያሳዩ ወደ ግራ የሚታጠፉ ሰው ስለሆኑ ነው። «እዚያ ቤት ደግሜ እግሬን አላስገባም» ካሉ በማግስቱ ምሳ የሚበሉት እዚያው ቤት ነው። «ይሄ ልጅ አይረባም» ካሉ ሥራ የሚፈልጉለት እሳቸው ናቸው።

«አሁን ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፣ የካርቶኑ ጫፍ ላይ ቆመው። ከመኪናው ሥር የሚታያቸው የእህታቸው ልጅ እግር ብቻ ነበር።

«የጉም መብራት።»

«ነበራት አይደል እንዴ?»

«የነበራት የሞተ ዓይን ነው ጋሼ። አንዱ ተሰብሯል። አንዱ ውስጥ ውሃ ገብቶ እንቁራሪት ሊፈለፈልበት ነው።»

«እና አዲስ ዓይን ልትተክዪላት?»

«ፒንሳውን ያቀብሉኝ።»

«እኔ የለሁበትም። እናትሽ ወንበር ተገኝቶላታል። ዝናብ የማይመታው፣ መደገፊያ ያለው ወንበር። ይሄንን ትቶ በዚህ ዕድሜ ተራራ ለተራራ፤ ሰው ሲመክራት ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ» እያሉ ፒንሳውን አቀበሏት።

መኪናዋ የቆመችው ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ነው፤ ከቤቱ ጎን ባለችው ቁልቁለት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ውጭው በር አድርጋ፣ የፊት ጎማዋ ሥር ጥቁር ድንጋይ ተወሽቆላት። ሞተሪኖዋ ሰነፍ ነው። ቁልፍ ሲዞርባት ታጉረመርማለች እንጂ አትነሳም። ስለዚህ ድንጋዩን አውጥቶ፣ ቁልቁል ለቆ፣ በማርሽ መቀስቀስ የቤቱ ወግ ሆኗል። ጤና ጣቢያም ብትሄድ፣ ገበያም ብትሄድ እናትየዋ ቀድማ የምትፈልገው ቁልቁለት ነው። ድንጋዩን ማውጣትና መወሸቅ ለቤተሰቡ ጫማ እንደ ማውለቅ ነው፤ እግር ይሠራዋል፣ ልብ አያየውም። ያን ቀን ሰው ከሥር ስለተኛ እናትየዋ ሁለተኛ ድንጋይ ጨምራ፣ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ፈትሻ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ፓራውልቱ ወርዶ እንደ ወለቀ መንጋጋ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። አሮጌዎቹ መብራቶች ወጥተዋል። አዲሶቹ፣ ፊታቸው ቢጫ፣ ጀርባቸው እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ብረት፣ በድሮው ቀዳዳ አልገባ አሉ። ሰንበሌጥ ከአሮጌ የመስኮት ማጠፊያ ሁለት ቁራጭ በመጋዝ ቆረጠች፣ በሳች፣ ሞረደች፣ መያዣ ሠራችላቸው። ከባትሪው ገመድ ሳበች፣ ፊውዝና ሪሌ አስገባች፤ የማብሪያውን ገመድ ከፍሪሲዮኑ መርገጫ በላይ ባለችው የጎማ ውታፍ አሹልካ ወደ ውስጥ አስገባች። በየመገጣጠሚያው ናስትሮ ጠመጠመች። ከዚያ ማብሪያውን ተጫነች።

ምንም የለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ጋሼ ፍሬቻ። በርጩማ አስመጥተው ቁጭ ብለዋል፤ የለሁበትም ያለ ሰው እንዲያ አይቀመጥም።

«ተረቱን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ።»

«ነጌቲቩን ከየት አሰርሽው?»

«ከሻንሲው።»

«ቀለሙን ፍቀሽለታል?»

አልፋቀችም። ቸኩላ፣ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አስራዋለች። ምላሷን ነከሰች፣ ቡሎኑን ፈታች፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችውና መልሳ አሰረች። ማብሪያውን ስትጫን ሁለቱም በሩ። እናትየዋ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ቢጫው ብርሃን ሣሩ ላይ ሲፈስ አየችና ሻይዋን ፉት አለች።

«ያምራል» አለች።

«እንዲያምር አይደለም እማ፣ እንድታዪበት ነው።»

«ነገ ጠዋት ወጥተን እናየዋለን። መንገዱ ከታየኝ እሄዳለሁ። ካልታየኝ ግን፣ እኔ ሰው ገድዬ ሰው አላዋልድም።»

ይህን ብላ ብርጭቆዋን ይዛ ገባች። ስትቆርጥ እንዲህ ናት።

ሲመሻሽ የቀረው መብራቱን ማነጣጠር ብቻ ነበር። የጉም መብራት ዝቅ ብሎ መሬት ለመሬት ካልሄደ ዋጋ የለውም፤ ቀና ካለ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ሹፌሩ ፊት ላይ ይደፋዋል። ሰንበሌጥ ይህን ታውቃለች። ሜትሯን አውጥታ መብራቱ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካች፤ ከዚያ ጥቂት ጣት ቀንሳ የውጭው በር ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ብርሃኑ ከመስመሩ በጣም ወርዶ የበሩን ግርጌ ይመታ ነበር። ማስተካከያውን ቡሎን እያዞረች፣ እያዞረች፣ ጫፉን መስመሩ ላይ አሳረፈችው።

«አሁን ገና ሰው ሆነ» አሉ ጋሼ ፍሬቻ። «ቅድምማ የበሩን ጫማ ነበር የሚያየው።»

ሦስቱም ቆመው አዩት። ሦስቱም አመኑበት። ሰንበሌጥ እጇን በጋዝ ታጥባ እራት በላች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩ ወጣ፣ መኪናዋ ቁልቁል ተለቀቀች፣ ነቃች። ከተራራው ወገብ በታች መንገዱ ጥርት ያለ ነበር። ወገቡን እንዳለፉ ጉሙ ተቀበላቸው። እናትየዋ ማብሪያውን ተጫነች።

ፊታቸው ነጭ ግድግዳ ቆመ። ከበፊቱ የባሰ፣ የሚያንጸባርቅ፣ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ። መንገዱም ዳሩም ጠፋ። እናትየዋ አልጮኸችም፤ እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ ቀስ ብላ ዳር ያዘች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች። ማብሪያውን መልሳ ተጫነችው። ጠፋ። ጨለማው ከብርሃኑ ይሻል ነበር።

«ትንሽ ልነካካው» አለች ሰንበሌጥ።

«የት? እዚህ መንገድ ላይ?»

«አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«በቃ ልጄ። አየነው እኮ።» በእናትየዋ ድምፅ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር። መኪናዋን ዞር አደረገችና ቁልቁል ተመለሱ። «ወንበሩ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብቻ ነው የምፈራው» አለች፣ ግማሽ መንገድ ላይ። ቀልድ መሆኑ ነው። ሰንበሌጥ አልሳቀችም።

ግቢ ገብተው መኪናዋ ቦታዋ ላይ ቆመች፣ ድንጋዩ ተወሸቀ፣ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ሰንበሌጥ ጎማው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ልታጥብ ባልዲ ውሃ ቀዳች። መኪናዋን ለማጠብ አልነበረም፤ እጇ የሚሠራው ነገር ካላገኘ አንድ ነገር እንደምትሰብር ስላወቀች ነው። ሁለተኛውን ባልዲ የኋላ ጎማው አጠገብ አኖረችና ቀና ስትል በክርኗ መታችው። ተገለበጠ።

ውሃው መኪናዋ ሥር ገባ። በሆዷ ሥር አለፈ፣ በፊት ጎማዋ በኩል ወጣ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ከበበው፣ ወደ በሩ ሮጠ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣ ደከመውና ተኛ።

ሰንበሌጥ ባልዲውን ሳታነሳ ቆማ ውሃውን አየችው። ከዚያ መኪናዋን አየቻት፤ ቂጧ ከፍ፣ አፍንጫዋ ዝቅ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የጠመኔ መስመር።

መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆማ ሳለ መብራቱን ቀና አድርጋው ነበር። መኪናዋ መንገድ ወጥታ ቀና ስትል መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ መኪናው ዘንበል ማለቱን ያያላ። በዚህ ግቢ ግን ዘንበል ማለት ከረጅም ጊዜ በፊት ቀጥ ማለት ሆኗል።

«እማ» አለች። «እማ፣ ነይ ውጪ።»

የወጡት ሁለቱም ነበሩ። ጋሼ ፍሬቻ ለቁርስ መጥተው ዳቦ በእጃቸው ነው። ሰንበሌጥ ሦስተኛ ባልዲ አመጣችና መኪናዋ ኋላ ደፋችው። ውሃው ሮጠ።

እናትየዋ ውሃውን በዓይኗ ተከተለችው። ጋሼ ፍሬቻ ዳቦውን አላመጡ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አሉ በሳቅ መሀል። «የአገሩን ቁልቁለት ለካሽው፣ የቤትሽን ረሳሽው።»

«እርስዎስ? “አሁን ገና ሰው ሆነ” ያለው ማነው?»

«እኔ አልተማርኩም።»

«ሹፌር ነበሩ እኮ።»

«ሹፌር የሚያየው ፊቱን ነው» አሉ፤ ሳቃቸው ግን ቀነሰ።

ሰንበሌጥ ውሃው ሳይደርቅ አሳቧን ጨርሳለች። መኪናዋ ሜዳ ላይ መቆም አለባት። ከሰፈሩ በታች ያለው መጋዘን ፊቱ ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ፣ ጀርባው ግራጫ ግድግዳ ነው፤ እሑድ ደግሞ ዝግ ነው። በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታ ሄደች፤ ሁለቱን ጫፍ እዚህና እዚያ እያቆመች የውሃውን ከፍታ አስተያየች፣ መሬቱ ውሃ ልክ መሆኑን አረጋገጠች። ዓይኗን ያመነችው ይበቃታል።

«ሜዳ ላይ አቁመሽ እንዴት ልታስነሺያት ነው?» አለች እናትየዋ ስትመለስ።

ይኼ በዚያ ቤት ቀላል ጥያቄ አልነበረም። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ አታውቅም። ሜዳ ላይ ከቆመች የሚያስነሳት ግፊ ብቻ ነው።

«ሞተሩን አላጠፋውም።»

«ከጠፋስ?»

ሁለቱም ጋሼ ፍሬቻን አዩ።

«እኔን አትዩኝ» አሉ። «እኔ ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ። እኔ አልገፋም። ተናግሬያለሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። መኪናዋን የሚገፋ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው።

አመሻሹ ላይ መኪናዋ ከመጋዘኑ ግድግዳ ፊት ቆመች። ሰንበሌጥ አጎቷን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። እማ ስትነዳ መኪናዋ ትንሽ ትቀመጣለች። እርስዎ ክብደት ይሁኑልኝ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሹፌር ነበርኩ» አሉ ጋሼ ፍሬቻ፣ መሪውን እየዳሰሱ፣ «ዛሬ ኩንታል ሆንኩ።»

«ዝም ያለ ኩንታል ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል» አለች እናትየዋ ከውጭ። የጠመኔውን መስመር ያሰመረችው እሷ ነበረች፤ ሜትሩን ከልጇ እጅ ወስዳ፣ አንዴ ለክታ፣ ደግማ ለክታ። ሰንበሌጥ በጉልበቷ ተንበርክካ የግራውን ቡሎን ፈታች። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ከመስመሩ ብዙ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የትናንቱ ስህተት እንደ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። ዝቅ አደረገችው። ጨረስኩ ብላ ልትነሳ አለች፤ ተመልሳ ተንበረከከችና እንደገና አየችው። ትንሽ ግራ አለ። ፈታች፣ መለሰች፣ አሰረች። ወደ ቀኙ ሄደች። እሱም መጀመሪያ አልሆነም፣ ሁለተኛም አልሆነም።

«ሰንበሌጥ ዛሬ ድንጋይ ቤት ልትሠራ ነው» አሉ ኩንታሉ በመስኮት።

የሁለቱም ብርሃን ጫፍ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ማንም አልነካውም። ኩንታሉ ለመውረድ ሲንቀሳቀሱ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ለቆት ነው፤ ለምን ማርሽ አስገብተው እንደነበር ግን አልተናገሩም፣ የጠየቃቸውም የለም። ወርደው፣ ኮታቸውን አውልቀው ለእህታቸው ሰጡና ትከሻቸውን ከመኪናዋ ቂጥ ላይ ጣሉ። ወገባቸውን እስከ ቤት ድረስ ረገሙት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ እናትየዋ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች። ሰንበሌጥ ድንጋዩን አወጣች፣ ሮጣ ገባች፣ መኪናዋ ወረደች፣ ነቃች። ጉሙ ከእሑዱ የወፈረ ነበር። የተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ እናትየዋ በልማዷ የፊቱን ትልቁን መብራት ለቀቀችው፤ ነጩ ግድግዳ ተነሳ።

«ትልቁን አጥፊው እማ። የእኛን ብቻ።»

አጠፋችው። የጉም መብራቱ ማብሪያ ጠቅ አለ።

ብርሃኑ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። ጉሙ ከላይ እንዳለ ቆይቷል፤ ከሥሩ ግን አስፋልቱ ታየ፣ ነጩ መስመር ታየ፣ የመንገዱ ዳር ሣር አንድ በአንድ ታየ። ሩቅ አይደለም።

«አጭር ነው» አለች እናትየዋ።

«በአጭሩ ሂጂ።»

በአጭሩ ሄደች። ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ሁለቱንም እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ጫፍ ሳትነቅል። ሰንበሌጥ ጥፍሯን መንከስ ፈለገች፤ ጋዝ ጋዝ ስለሚል ተወችው። ኩርባው ደረሰ። እናትየዋ ፍጥነቷን ይበልጥ ቀነሰች።

ከብርሃኑ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ጎማ ታየ። ከዚያ ሁለት ጫማ። ከዚያ የተጠቀለለ የሱሪ ጫፍ። ከጉልበቱ በላይ ያለው ሰውዬ ጉም ነበር፤ ግን ገና ሩቅ ነው፤ ፍሬን መያዝ እንኳ አያስፈልግም። እናትየዋ መሪውን ወደ ግራ ወሰድ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብላ ጡሩምባ ነፋች፣ አለፈችው።

«ሰውዬው ለካ ካልሲ አያደርግም» አለች፤ ቀጥላም «ለአጎትሽ ደውዪልኝ» አለች።

ሰንበሌጥ ደወለችና ስልኩን በሁለቱ መካከል ያዘችው።

«ወንድም ጋሼ» አለች እናትየዋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ያንን ወንበር ለሌላ ሰው ይስጡት በልልኝ። ለአለቃዬ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ከስልኩ ውስጥ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እኔስ ድሮም ያንን ወንበር አልወደድኩትም ነበር» አሉ ጋሼ ፍሬቻ። «ግን እወቁት፣ ሞተሪኖዋን ሥራልን ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። እኔ የለሁበትም።»

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ያደረችው አዋላጅ ገና ጋዋኗን አላወለቀችም፤ በመስኮት ሁለት ቢጫ ዓይን አየችና ካፖርቷን ለማንሳት ገባች። እናትየዋ ግቢውን ዞር ብላ የለመደቻትን ቁልቁለት ፈለገች፣ መኪናዋን አፍንጫዋን አስደፍታ አቆመች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

«ድንጋዩን ወሽቂ» አለች፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።